የጀመረችው የእኔ ልጅ ነበረች

ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። ቡና አቅርቤ፣ እህቴም መጥታ፣ ጨዋታ ላይ ነን። ከማላውቀው ቁጥር ተደወለ። የሴት ድምፅ ነው፤ ረጋ ያለ፣ ትንሽ የደከመው። የልጄን ስም ጠርታ «እናቷ ነዎት?» አለችኝ። አዎ አልኳት።

«ልጄ ከልጅዎ ጋር ነው የሚማረው፤ ሰባተኛ ክፍል። ሦስት ሳምንት ሆዴን አመመኝ እያለ ሲቀር ነበር። ምክንያቱን የነገረኝ ዛሬ ነው። ቴሌግራም ላይ በድምፁ እየቀለዱበት ነው። የጀመረችው የእርስዎ ልጅ ናት።»

ያኔ የመለስኩላትን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። «የእኔ ልጅ እንዲህ ዓይነት ነገር አታውቅም» አልኳት። ቀጠልኩና «ልጆች አይደሉ? ይፎጋገራሉ» አልኩ። መጨረሻ ላይ «ልጅዎንም ትንሽ ጠንከር እንዲል ቢያስተምሩት ጥሩ ነው» ብዬ ዘጋሁት። ከሁሉም የሚቆጨኝ ይሄ የመጨረሻው ነው።

ልጁ የተጎዳበት ወላጅ ምን ያድርግ የሚል ምክር ሞልቷል። የጎዳው የራስ ልጅ ሲሆን ግን የሚያማክር ሰው አይገኝም። ሰውም አያወራውም፤ ያሳፍራላ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው ጥናት፣ በዓለም ላይ ከሦስት ተማሪዎች አንዱ ገደማ በአንድ ወር ውስጥ በእኩዮቹ ጥቃት እንደደረሰበት ይናገራል። ይህን ያነበብኩት ይሄ ሁሉ ከሆነ በኋላ ነው። ታዲያ ይሄን ሁሉ ልጅ የሚያሳቅቁት የማን ልጆች ናቸው? የእኛው አይደሉ?

ማታ ስልኳን ተቀበልኳት። ክፍላቸው ሁለት ግሩፕ አለው። አንዱን አውቀዋለሁ። በ2012 ኮሮና ትምህርት ቤቶችን ሲያዘጋ መምህራኑ ማስታወሻና የቤት ሥራ በቴሌግራም መላክ ጀመሩ፤ ትምህርት ሲከፈትም ልማዱ በዚያው ቀጠለ። እዚያ መምህራኑም፣ እኛ ወላጆችም አለን። ሁለተኛውን ግን አላውቀውም ነበር። ልጆቹ ራሳቸው የከፈቱት ነው። 41 ልጆች አሉበት። አንድም ትልቅ ሰው የለም።

ቁጭ ብዬ ወደ ኋላ እየሄድኩ አነበብኩ። ነገሩ የተነሳው ከእንግሊዝኛ የቤት ሥራ ነው። መምህሯ አንድ አንቀጽ አንብባችሁ በቮይስ ላኩ ብላለች። ልጁ ሲናገር አፉን ይይዘዋል፣ ይንተባተባል። እንደ ሌሎቹ አንብቦ ላከ። ሌሎቹ በአርባ ሰከንድ የጨረሱትን እሱ ሁለት ደቂቃ አልፎታል። ግን ጨርሶታል። ከመላኩ በፊት ስንት ጊዜ ቀድቶ ስንት ጊዜ እንዳጠፋው እግዜር ይወቀው።

ልጄ ያንን ቮይስ ወደ ሁለተኛው ግሩፕ ፎርዋርድ አደረገችው። ከሥሩ የሚስቅ ፊት ጨመረችበት። መጀመሪያ ያደረገችው ይሄን ብቻ ነው። ከዚያ አንዱ ልጅ ቮይሱን ቆርጦ አፋጠነው። ሌላው መልሶ ላከው። በማግስቱ ልጄ የልጁን ፎቶ ከፕሮፋይሉ ወስዳ ስቲከር ሠራችለት። አፉን ከፍቶ፣ ከጎኑ «እ... እ... እ...» ተብሎ ተጽፎበት። ከዚያ ወዲያ ማንም ሰው መልስ ሲዘገይ ያ ስቲከር ይላካል። ክፍል ውስጥ ስም ሲጠራ ደግሞ ከኋላ ወንበር «አ-አ-አቤት» የሚል ይሰማል። ሦስት ሳምንት ሙሉ።

ቆጠርኳቸው። ነገሩን ይዘው የሚያጋግሉት አራት ልጆች ናቸው። ሃያ ሰባቱ የሳቅ ምልክት አድርገዋል። «በቃ ተዉት» ያሉ ሁለት ልጆች አሉ፤ አንዷን ወዲያው ሙድ ያዙባት፣ ዝም አለች። የቀሩት አይተው አልፈዋል። ልጁ ራሱ ግሩፑ ውስጥ ነበር። አንድም ቃል አልመለሰም። ግን እያንዳንዱን ያያል።

የዚያን ማታ የሠራኋቸውን ስህተቶች ልንገራችሁ፤ ቢያንስ እናንተ እንዳትደግሙት። ልጄን ከክፍሏ ጠራኋት፣ ስልኩን ፊቷ ላይ ያዝኩት፣ ጮህኩ፣ በጥፊ መታኋት። ጉልበት ያለው ጉልበት የሌለውን ማሳቀቅ እንደሚችል በዚያች ቅጽበት በራሴ እጅ አሳየኋት። ከዚያ «አሁኑኑ አጥፊው!» አልኳት። ያዳነችኝ እህቴ ናት። «ቆይ፣ መጀመሪያ ስክሪንሾት አንሺው» አለች። ልክ ነበረች። ቴሌግራም ላይ የላከው ሰው ለሁሉም ማጥፋት ይችላል። ያኔ የልጁ እናት በእጇ የምትይዘው ምንም ማስረጃ አይኖራትም። እኔ ደግሞ ሳላውቀው ማስረጃ ላጠፋ ነበር። ሁሉንም ከነቀኑና ከነስሙ አነሳን። ከዚያ በኋላ ነው ልጄ የራሷን ያጠፋችው። ስቲከሩንም ከሠራችበት ቦት ውስጥ ገብታ ሰረዘችው። ሌላ ሰው ቆርጦ ያወጣው ግን በእሷ ማጥፋት አይጠፋም። ይሄንን ራሷ ስታየው ነው ማልቀስ የጀመረችው።

«ለምን አደረግሽው?» አልኳት። «እማ ሙድ ነው እኮ» አለችኝ። በማግስቱም ጠየቅኳት። በሦስተኛውም ቀን ጠየቅኳት። እውነቱን ለመናገር ሰበብ እየፈለግኩላት ነበር። እሷንም ሰው ጎድቷት ይሆናል፣ ውስጧ የተደበቀ ሕመም ይኖራል እያልኩ። አልነበራትም። በሦስተኛው ቀን ማታ አልጋዬ ላይ መጥታ ተቀምጣ እንዲህ አለችኝ። «ቮይሱን ስልከው ሁሉም ሲስቁ ደስ አለኝ። ሌላ ምንም የለም።» ያን ጊዜ ከመናደድ ይልቅ ደነገጥኩ። ደግነቱ ዝም ብዬ ሰማኋት። ሌላ ጥፊ ብትጠብቅ ኖሮ ይሄንን አትነግረኝም ነበር።

ከዚያ ነው ቤታችንን ማየት የጀመርኩት።

እኛ ቤት ሰው ማስመሰል ጨዋታ ነው። ባለቤቴ ተሰጥኦ አለው። ከገጠር የመጣውን ዘበኛችንን፣ ስልክ ላይ የምትጮኸውን አክስቱን፣ መሥሪያ ቤቱ ያለ አፉን የሚይዘውን ሰው፣ ሁሉንም ያስመስላቸዋል። እንግዳ ሲመጣ «እስቲ እገሌን» ይባላል። እንባችን እስኪወርድ እንስቃለን። ልጄ የስድስት ዓመት ልጅ ሳለች የዘበኛውን አነጋገር ስታስመስል ቀርጸን ለዘመድ ሁሉ ልከናል። ያ ቪዲዮ ስልኬ ላይ ነበር። ደግሜ አየሁት። ዘበኛው ከኋላ፣ በሩ ጋ ቆሞ ይታያል። ልጄ ቮይሱን ስትልክ የሠራችው ያንኑ ነው። ለባለቤቴ አሳየሁት። ብዙ አልተናገረም። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ቤታችን ውስጥ ሰው አስመስሎ አያውቅም። ተጫዋችነቱ አልቀረም፤ የሚያስቀው ነገር እንደሆነ ሌላም ሞልቶታል። እናቴ ጉዳዩን ስትሰማ ልጄን አጠገቧ አስቀምጣ «ሙሴስ አፉ ኮልታፋ አልነበረ እንዴ?» አለቻት። ሌላ ምክር አልጨመረችም።

እሁድ ከሰዓት ለልጁ እናት ደወልኩ። ከመደወሌ በፊት የምለውን ወረቀት ላይ ጻፍኩ፤ «ግን» የሚል ቃል እንዳይገባበት ፈልጌ ነው። «ልክ ነዎት። አየሁት። የጀመረችው ልጄ ናት። ትናንት የመለስኩልዎ መልስም ነውር ነበር። ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኳት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ ስክሪንሾቶቹን እንድልክላት ጠየቀችኝ፣ ላኩላት። ልጄን ይዤ ቤታቸው ልምጣና እግሩ ላይ ትውደቅ አልኩ። «አይሆንም» አለችኝ። «ሊያያት አይፈልግም። ከመጣች ይቅር ማለት ግዴታው ይሆናል።»

ይህን አባባሏን ብዙ አስቤበታለሁ። እኛ የለመድነው ሽምግልና ነው። ተጣሉ፣ ሽማግሌ ገባ፣ ተሳሳሙ፣ አለቀ። ሰኞ ትምህርት ቤት ስሄድም ዩኒት ሊደሩ ያሰበው ይሄንኑ ነው። ሁለቱን ልጆች ቢሮ ጠርቶ፣ አጨባብጦ፣ ሁለተኛ አይለመደኝም አስፈርሞ መሸኘት። ሽምግልና መልካም ነገር ነው። የሚሠራው ግን በአቅም ተቀራራቢ የሆኑ ሁለት ሰዎች ሲጋጩ ነው። በዚህ ጉዳይ ስሙ ሁሌ የሚነሳ ዳን ኦልቬዩስ የሚባል ኖርዌይ ውስጥ የሠራ ተመራማሪ አለ። ማሳቀቅን ከተራ የልጆች ጠብ የሚለየው በሦስት ነገር ነው። ሆን ተብሎ ይደረጋል፣ ይደጋገማል፣ አድራጊውና ተደራጊው በኃይል እኩል አይደሉም። አርባ ልጅ እያየ አንድ ልጅ ሲሳቅበት ምኑ ነው እኩል? ምን አድርጎ ነው የሚታረቀው? የተጣላው ሰው የለ። ስለዚህ የናንተ ልጅ ጎጂው ከሆነ፣ ይቅርታ ይጠየቅ ከማለታችሁ በፊት የተጎዳው ልጅ መስማት ይፈልግ እንደሆነ አስጠይቁ። ካልፈለገ ጠብቁ።

ሌላው የቀረበው ሐሳብ ሰልፍ ላይ፣ ከባንዲራ በኋላ፣ ልጄን ፊት አቁሞ መገሠጽ ነበር። ተቃወምኩ። ቅጣት አይገባትም ብዬ አይደለም። ያ ቢደረግ ጉዳዩን ያልሰማው ተማሪ ሁሉ ይሰማል፣ ቮይሱንም ይፈልገዋል። ልጁ ሁለተኛ ይዋረዳል። ደግሞም ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 36 ላይ ልጆች በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይላል። ይሄ ማንበርከክንና ማዋረድን ለለመድን ለብዙዎቻችን አዲስ ነገር ነው፤ ለእኔም አዲስ ነበር።

ትልቁን ሥራ የሠራችው የክፍላቸው ተጠሪ መምህርት ናት። ገና ወጣት ናት። ክፍሉን ሰብስባ አልተቆጣችም። የሳቁትን አንድ በአንድ በእረፍት ሰዓት አነጋገረቻቸው። አንዱንም «ለምን ሳቅክ?» አላለችም። የጠየቀቻቸው «ይሄ ልጅ ደህና እንዳልሆነ አይተሃል? ነገ አንተ ምን ልታደርግለት ትችላለህ?» ብላ ነው። አንዱ አጠገቡ እቀመጣለሁ አለ። አንዷ ስቲከሩ ሲላክ የሳቅ ምልክት አላደርግም አለች። ያቺ ቀድማ «ተዉት» ብላ የተሳቀባት ልጅ ደግሞ ምሳ ዕቃዋን ይዛ እሱ ጋ ሄደች። በኋላ ሳነብ ፊንላንድ ውስጥ በቱርኩ ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀ ኪቫ የሚባል ፕሮግራም እንዳለ አየሁ። እሱም ዋና ትኩረቱን የሚያደርገው በሚያዩትና በሚስቁት ልጆች ላይ ነው። ልጄ የነገረችኝ እውነት ይሄንኑ ነው። የሚስቅላት ባይኖር ስቲከሩን አትሠራውም ነበር።

እንግሊዝኛ መምህሯም አሠራሯን ለወጠች። የቮይስ የቤት ሥራ ከዚያ በኋላ በውስጥ መስመር ለእሷ ብቻ ነው የሚላከው። የክፍሉ ግሩፕ ላይ ደግሞ ፎርዋርድ ማድረግና ማስቀመጥ ተዘጋ። ይሄንን የግሩፑ ባለቤት በቅንብሩ ውስጥ በአንድ ንክኪ መዝጋት ይችላል። የወላጅና የመምህር ግሩፕ ውስጥ ያላችሁ፣ ዛሬውኑ ጠይቁ። የልጃችሁ ስልክ ላይም ሁለት ነገር አስተካክሉ። ማን ወደ ግሩፕ ሊያስገባው እንደሚችልና የፕሮፋይል ፎቶውን ማን እንደሚያይ። ሁለቱንም በስልኩ ላይ ስማቸው ለተመዘገበ ሰዎች ብቻ ማድረግ ይቻላል። የልጁ ስቲከር የተሠራው ለማንም ክፍት ከነበረ ፎቶ ነው።

የልጆቹ ግሩፕ ተዘጋ። በሳምንቱ ሌላ ተከፈተ። መዝጋት ብቻውን መፍትሔ አይሆንም የምለው ለዚህ ነው።

የልጁ አጎት በመሃል ጉዳዩን ፖሊስ ጋ እወስዳለሁ ብሎ ነበር። ፈራሁ፣ አነበብኩም። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በኮምፒዩተር ሰውን ማስፈራራትን፣ ደጋግሞ መልእክት በመላክ ሰውን ማስጨነቅንና ክብሩን መንካትን ይከለክላል። የወንጀል ሕጋችን ደግሞ በወንጀል ተጠያቂ የማያደርገው ከ9 ዓመት በታች ያለ ልጅን ነው። ከ9 እስከ 15 ያሉት ለእነሱ የተለየ እርምጃ አላቸው። የእኔ ልጅ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ይሄንን ለልጄ አንብቤላታለሁ፤ ላስፈራራት ሳይሆን፣ ስልክ ላይ የሚደረግ ነገር እውነተኛ ነገር መሆኑን እንድታውቅ ነው። ነገሩ ፖሊስ ጋ አልደረሰም።

ልጄ ማካካሻ ብላ ያደረገችው አዲሱ ግሩፕ ላይ መጻፍ ነው። እኔ አላስገደድኳትም፤ ከመላኳ በፊት ግን አሳየችኝ። «ቮይሱን መጀመሪያ የላክሁት እኔ ነኝ። ስቲከሩንም የሠራሁት እኔ ነኝ። ልክ አልነበረም። ያላችሁ አጥፉት» ነው የሚለው። የሳቀባት ነበር። ሁለት ጓደኞቿ ለብዙ ጊዜ አኮረፏት። አንድ ቀን ከሰርቪስ ወርዳ በር ላይ ቆማ አለቀሰች። «ብቻዬን ነው የተቀመጥኩት» አለችኝ። ያን ቀን «ይገባሻል» ማለት አላስቻለኝም። እቅፍ አድርጌ «ታውቂዋለሽ አሁን» ብቻ አልኳት።

ቤታችን ውስጥ የተለወጡ ነገሮች አሉ። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ ስልኮች ሁሉ፣ የእኔም የአባቷም፣ ቡፌው ላይ ይቀመጣሉ። ከሁሉ የሚበልጠው ለውጥ ግን ጥያቄዬ ነው። ድሮ ከትምህርት ቤት ስትመጣ «ማን ነካሽ? ማን ተናገረሽ?» ነበር የምላት። ሁላችንም የምንለው ይሄንን ነው። ልጄን ማን ላይ እንደሳቀች ጠይቄያት አላውቅም ነበር። አሁን እራት ላይ «ዛሬ ማን ላይ ተሳቀ?» እላታለሁ። መጀመሪያ ሰሞን «ማንም ላይ» ትል ነበር። አሁን ትነግረኛለች። «አንቺስ ያን ጊዜ ምን ሆንሽ?» እላታለሁ። አንዳንዴ «ሳቅኩ» ትላለች። አልጮህም። ሳቅኩ ማለት ከቻለች ነገ ላትስቅ ትችላለች፤ ከደበቀችኝ ግን ምንም ላደርግላት አልችልም።

የልጁ እናትና እኔ አሁን አንቺ እንባባላለን። ያስተማረችኝ ብዙ ነው። ልጇ አፉን ሲይዘው ቃሉን ቀድሞ መጨረስ ወይም «ተረጋጋ» ማለት እንደማይረዳው፣ ዓይን ዓይኑን እያዩ መጠበቅ ብቻ እንደሆነ ነግራኛለች። ሁለተኛው ሴሚስተር ላይ ልጄ ደብዳቤ ጽፋ በመምህርቷ በኩል ላከችለት። የማነበው ስፈልግ ነው ብሎ ተቀበለ። ያንብበው አያንብበው አናውቅም። አያናግራትም። ልጄ «መቼ ነው የሚያናግረኝ?» ትለኛለች። አላውቅም እላታለሁ። ላያናግራት ይችላል፤ መብቱ ነው።

ባለፈው ሳምንት እናቱ ደውላ ነበር፣ ስለሌላ ጉዳይ። ልትዘጋ ስትል አንድ ነገር ነገረችኝ። ያ ነገር ከሆነ ጀምሮ የንባብ የቤት ሥራ ሲሰጥ አልልክም ይል ነበር፤ ውጤቱ ቢቀነስም። አሁን ግን መኝታ ቤት ገብቶ በሩን ቆልፎ ያነባል። ማንም እንዲሰማው አይፈልግም፣ እሷም እንኳ። «ግን ይልካል» አለችኝ።